አንቲባዮቲክ ከመኖና ከማዳበሪያ ጋር አይሸጥ

በሰብል ጥበቃ ሥራ ላይ ያለን ሁሉ አንድ ነገር እናውቃለን። ይኸውም አንድ ዓይነት ፀረ ተባይ ያለ ልክና ያለ ፋታ ሲረጭ ደካማው ተባይ ያልቃል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ግን ተርፎ ይራባል። በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችም አንቲባዮቲክን የሚላመዱት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ የተላመደው ባክቴሪያ ከበረት ወጥቶ በሥጋ፣ በወተት፣ በፍግና በእጅ ወደ ገበሬው ቤተሰብ መግባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ተገምቷል።

ይህን ለመግታት የሰው ጤናና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በጋራ ከሠሩባቸው አገሮች አንዷ ዴንማርክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 በዚያች አገር ለሰው ሕክምና የዋለው ቫንኮማይሲን የተባለ መድኃኒት 24 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። የቅርብ ዘመዱ የሆነው አቮፓርሲን ግን እንስሳትን ቶሎ ለማሳደግ ሲባል 24,000 ኪሎ ግራም ያህል ከመኖ ጋር ተቀላቅሏል። አንዱን የተላመደ ባክቴሪያ ሌላውንም ስለሚቋቋም መንግሥት በ1995 አቮፓርሲንን ከለከለ። በዚያው ዓመት የእንስሳት ሐኪሞች ከመድኃኒት ሽያጭ የሚያገኙት ትርፍ ተወሰነ። ከሥጋ ዶሮዎች በተወሰደ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ላይ በተደረገ ምርመራ በ1995 ከመቶ 73 ያህሉ ተላምዶ ሲገኝ፣ በ2000 ወደ 6 ያህል ወረደ።

ሥራው ያለ ችግር አልተፈጸመም። ማሳደጊያ አንቲባዮቲክ ጨርሶ ከቀረ በኋላ ጡት የጣሉ የአሳማ ግልገሎች ተቅማጥ በዝቶ፣ ለሕክምና የሚውለው መድኃኒት ጨምሮ ነበር። ስለዚህ ክልከላ ብቻውን አይበቃም፤ የበረት አያያዝም አብሮ መሻሻል አለበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዶሮ በፈንግል ሲመታ የሰው ቴትራሳይክሊን ተፈትቶ በውኃ ሲበጠበጥ አይተናል። ፈንግል የቫይረስ በሽታ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አያድነውም፤ መከላከያው ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ነው። ገንዘቡ ይባክናል፣ ዶሮዋም ትሞታለች፤ ትርፉ የተላመደ ባክቴሪያ ብቻ ነው።

አንዳንድ ማኅበራት «አባላት ስለሚጠይቁን እንሸጣለን፤ ሐኪሙም ሩቅ ነው» ይላሉ። የሐኪም እጥረት መኖሩን አንክድም። ሆኖም ሻጩ በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት ቢሰጥ እጥረቱ አይቃለልም። በዴንማርክ የተወሰነው የሐኪሙ ትርፍ ከሆነ፣ የማኅበሩ ትርፍ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየንም።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን፤

1. ማኅበራት ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አይሽጡ። ከሽያጩ ይገኝ የነበረውን ገቢ በክትባት አቅርቦት ይተኩት።

2. የልማት ሠራተኞች የክትባት ጊዜን ከእርሻ ሥራ መርሐ ግብር ጋር አብረው ያውጡ።

3. የታከመች ላም ወተት በመድኃኒቱ መለያ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለሽያጭም ሆነ ለቤት ምግብ አይዋል።

4. የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠንና ቀን በመዝገብ ይያዝ።

ነገ የገበሬው ልጅ ስትታመም የሚያድናት መድኃኒት መኖሩ ዛሬ በበረት በምናደርገው ይወሰናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።