ሥዕል አስተማሪውን ማን ያስተምረው?

ሥዕል ማስተማር ለማንም የማይከብድ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ከተገኘ የቀረውን ልጁ ራሱ ይሞነጫጭረዋል ይላሉ። እኛ ግን ይህ አስተሳሰብ ትምህርቱንም መምህሩንም የሚጎዳ ነውና ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ፃግብጂ የተመደበ አንድ ወጣት የሥዕል መምህር በሐሳባችን እንመልከት። የዋግን አቀበትና ቁልቁለት አቋርጦ ከትምህርት ቤቱ ሲደርስ ቀለምና ወረቀት ቢያጣ ችግር ነው፤ ከዚህ የሚብሰው ግን ስለ ሙያው የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ቢሆንና እርሱ ከሌላ አገር የመጣ ቢሆን፣ የመስመርንና የጥላን ነገር በምን ቃል ያስረዳቸዋል? ክፍለ ጊዜው አነሰ ተብሎ ሌላ ትምህርት ሲጨመርበት ደግሞ የሥዕል መምህርነቱ በስም ብቻ ይቀራል።

«መመሪያ አለ እኮ» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ አዲስ መምህር በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በአማካሪ መምህር እንዲረዳ፣ እያንዳንዱም መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ተደንግጎ ነበር። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አማካሪ ተብሎ የተሰየመው የሒሳብ መምህር ቢሆን፣ የዕቅድ አጻጻፍንና የክፍል አያያዝን ያሳየዋል እንጂ፣ የልጅ ሥዕል እንዴት እንደሚታይና እንደሚታረም ከየት አምጥቶ ይነግረዋል? ማኅደረ ተግባሩ በፊርማ ይሞላል፤ መምህሩ ግን ሳይማር ይቀራል።

አባቶቻችን ይህን አልሳቱትም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደቀ መዝሙሩን ከአጠገቡ አስቀምጦ፣ ቀለም ማዘጋጀትን አስቀድሞ ብሩሽ መያዝን አስከትሎ፣ ዓይኑ እያየው ያሠለጥነው ነበር። ከሰቆጣ ብዙ የማይርቀውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከአለት ፈልፍለው ያወጡት እጆችም ከሌሎች እጆች የተማሩ እንደ ነበሩ አንጠራጠርም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱም ሠዓሊ ከሠዓሊ ሊማር እንደሚገባው መመስከራቸው ነበር።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በትምህርት ቤቱ የሥዕል አማካሪ ባይገኝ፣ በጉድኝት ማዕከሉ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንድ ልምድ ያለው ይመረጥ። ክፍለ ጊዜው ይቀነስለትና በወር አንድ ቀን አዲሱ መምህር ሲያስተምር ተቀምጦ ይመልከተው፤ በሚቀጥለው ወር መመልከቱ የአዲሱ ተራ ይሁን። ከዚያም የልጆቹን ሥዕል ዘርግተው ይነጋገሩበት። ቀለም ቢታጣ ከሰልና አፈር አይታጣም፤ የሸክላ ሠሪዋና የሰፌድ ሰፊዋ ጥበብም ከደጅ አለ። ብልሃቱን የሚያሳይ ሰው ከሌለ ግን ይህ ሁሉ እንደሌለ ይቈጠራል።

«በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት በጎዳው አገር፣ ጣሪያና ወንበር ሳይሟላ ሥዕል ቅንጦት ነው» ይባል ይሆናል። ጣሪያው ይቅደም ብንል እንኳ፣ ከጣሪያው ሥር የሚቀመጠው ልጅ ያየውን በቃል ለመናገር የማይችል ሊሆን ይችላል፤ እርሳስ ቢሰጡት ግን ይነግረናል። መምህሩ ሥዕል ማንበብን ከማንም ካልተማረ፣ ልጁ የተናገረውን ማን ይሰማለታል?