ለእናት አባት አራተኛ ፎቅ? የአረጋውያን ቤት ጉዳይ ከመጦሪያ ያለፈ ነው

የአረጋውያን መኖሪያ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሜቄዶንያ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለማዕከሉ ሕንፃ ማጠናቀቂያ በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ብር ሲሰበሰብ ብዙዎቻችን በስልካችን ተከታትለናል። ከሀገር ውስጥም ከውጭም ሰው የአቅሙን ሲያዋጣ ማየት ደስ ይል ነበር።

ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሜቄዶንያ በዋናነት የሚያነሳው ጧሪ የሌለውን፣ ጎዳና ላይ የወደቀውን ሰው ነው። ልጅ ያላቸው፣ ቤትም ያላቸው፣ ግን ከቤታቸው መውጣት የከበዳቸው አረጋውያንስ? የዛሬው ጉዳያችን የእነሱ ነው።

📌 ቁልፉ ሲመጣ ጉልበት ሄዷል

አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ጂ+4 ነው፤ ሊፍት የለውም። ሐሳቡ በትንሽ ወጪ ብዙ ቤት መሥራት ስለነበር ሊፍት ቀረ። ወጣት ቤተሰብ ለሚገባበት ቤት ይሄ ብዙም አያሳስብም ነበር። ዕጣው ግን ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ1997 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ የተመዘገበ ሰው ዛሬ 65ን አልፏል።

ዕጣ ሲወጣ ለሴቶች 30፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተይዞ ነበር የሚወጣው። ዕድሜ ግን በክፍፍሉ ውስጥ የራሱ ድርሻ አልነበረውም። ለንግድ የሚሆነው ምድር ቤት ደግሞ በጨረታ ይሸጣል። እና ምን ይሆናል? እማማ አራተኛ ፎቅ ይደርሳቸዋል፣ ደረጃ የማይጠይቀው ቤት ቡቲክ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኮንዶሚኒየም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ገበያ መውረድ ይቀራል። ቀጥሎ የሳምንት ቀኑ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ። የጤና ጣቢያ ቀጠሮም «ሌላ ቀን» እየተባለ ይገፋል። ውኃ ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን የሚያወጣ የጎረቤት ልጅ ይለመናል። ልጅ ዱባይ ወይም ሪያድ ሆኖ በየወሩ ብር ይልካል፤ ብሩ ግን እናትን ደግፎ ደረጃ አያወርድም።

📌 ሰፈሩ ሲፈርስ

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ሲጀምር፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ካዛንቺስ ላይ ሲደርስ፣ ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳር ሄዱ። ከእነሱ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ሰፈር የኖሩ አረጋውያን ነበሩ።

እዚህ ጋ ሰፈሩን ገነት እናድርገው አንልም። የቀበሌ ቤት ማለት ለብዙ ሰው የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳና የጋራ ሽንት ቤት ማለት ነው። በሌሊት በጭቃ ሽንት ቤት መሄድ ለአንድ አዛውንት ቀላል አይደለም። ሽንት ቤትና ውኃ ቤት ውስጥ መግባቱ ትልቅ ለውጥ ነው።

የጠፋው ሌላ ነገር ነው። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ ጠዋት በር ካልተከፈተ «ምነው ዛሬ?» ብሎ የሚያንኳኳ ጎረቤት። አንድ አረጋዊ ታመው ሳይታወቅ እንዳይቀሩ የሚያደርገው ይሄ ነበር። የሚከፈለው ሠራተኛ የለውም፣ በጀት የለውም፣ ፕላን ላይም አልተሳለም። ስለዚህ ሰፈር ሲፈርስ በቀላሉ አይተካም።

📌 ሌሎች ምን እየሠሩ ነው?

የሚገርመው፣ ሀብታም ሀገሮች አሁን ብር አውጥተው የሚሠሩት ይህንኑ እኛ የምናውቀውን ነገር ነው።

ሲንጋፖር ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝቧን ከመንደር አንስታ መንግሥት ወደሠራው ፎቅ አስገባች። ከብዙ ዓመት በኋላ ለአረጋውያን የሠራችውን ሕንፃ ስም ያወጣችለት ካምፖንግ አድሚራልቲ ብላ ነው። ካምፖንግ በማላይ ቋንቋ «መንደር» ማለት ነው። ለአረጋውያን የተዘጋጁ 104 አነስተኛ ቤቶች አሉት። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሕክምና፣ ርካሽ የምግብ አዳራሽ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ አትክልት ቦታ አለ። አያት ልጅ ልጃቸውን ማቆያ አድርሰው፣ የደም ግፊታቸውን ተለክተው፣ ምሳ በልተው የሚመለሱት አውቶቡስ ሳይሳፈሩ ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም የሥነ ሕንፃ ፌስቲቫል የዓመቱ ምርጥ ተብሏል።

ለእኛ ከዚያ የሚቀርበን ግን ሌላው ሥራቸው ነው። የድሮዎቹ ፎቆች ሊፍት በተወሰኑ ወለሎች ላይ ብቻ ነበር የሚቆመው። ነዋሪው ሲያረጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሊፍቱ በየወለሉ እንዲቆም ሕንፃዎቹን አሻሻሏቸው። ሰውየውን ከቤቱ ከማስወጣት ቤቱን ለሰውየው ማስተካከል ማለት ነው።

ኔዘርላንድስ ደግሞ ደቬንተር በምትባል ከተማ ሁማኒታስ የሚባል የአረጋውያን ማዕከል አለ። የተወሰኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚያ ያለ ኪራይ ይኖራሉ፤ በምላሹ በወር 30 ሰዓት ከአረጋውያኑ ጋር ያሳልፋሉ። ነርስ እንዲሆኑ አይጠበቅም፤ አብረው ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ኮምፒውተር ያሳያሉ። ጥሩ ጎረቤት መሆን ነው ሥራቸው።

📌 «እነሱ ብር አላቸው»

ትክክል ነው። ሲንጋፖር አቅም ያለው የቤት ልማት ድርጅት አላት፤ ኔዘርላንድስ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ወጪን የሚሸፍን የግዴታ መድን አላት። እኛ ጋ የግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳን በጡረታ ሕግ የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጉሊት የነገደች፣ ሰው ቤት የሠራች፣ በቀን ሥራ ያረጀ ሰው አብዛኛው ጡረታ የለውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለአረጋውያን ድጋፍ እንደሚያደርግ ይላል፤ ግን «አቅም በፈቀደ» ብሎ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ብር አይጠይቅም። እኛ የሚታዩን እነዚህ ናቸው፦

👉 ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ። ወደፊት በሚተላለፉ ቤቶች የታችኛው ወለል ቅድሚያ ለአረጋውያን ይሰጥ። ቀድሞ ለደረሳቸው ደግሞ ፈቃደኛ ከሆነ ወጣት ጋር ፎቅ መለዋወጥ የሚችሉበት ቀላል አሠራር ይዘጋጅ። ይሄ ሲሚንቶ አይፈልግም።

👉 እድርን እንደ አንድ ክፍል ማንሳት። ሰው ለልማት ሲነሳ ዝርዝሩ በቤት ቁጥር ብቻ ሳይሆን በእድር መዝገብም ቢሠራ፣ ጎረቤት ከነጎረቤቱ አንድ ብሎክ ሊገባ ይችላል።

👉 የጋራ መገልገያ ቤቶቹ። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለድግስ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠሩ የጋራ ቤቶች አሉ። አንዳንዱ ተከራይቷል፣ አንዳንዱ ተዘግቷል። አንዱ ክፍል ቀን ቀን የአረጋውያን መዋያ ይሁን፤ ቡና ይፈላበት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሳምንት አንዴ ትምጣ።

👉 ተማሪና አረጋዊ። ልጆቻቸው ውጭ ሄደው ክፍል የተረፋቸው እናቶች አሉ፤ በኪራይ የተማረረ ተማሪም አለ። አደጋው መተማመን ነው። ደቬንተር ላይ መሀል ሆኖ የሚመርጥና የሚቆጣጠር ተቋም አለ። እኛ ጋ ያንን ሥራ እድር ቢሞክረው ምን ይለዋል? ሰው የሚያውቀው እድር ነው።

የግል ሪል እስቴቶችም ቢሆኑ ይሄን ቢያስቡበት ይጠቀማሉ። ማስታወቂያቸው ላይ ጂም፣ መዋኛ፣ የልጆች መጫወቻ እንሰማለን። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ ለወላጆቹ የሚገዛ ውጭ ያለ ልጅ ነው። ሰፊ በር፣ የማያንሸራትት የመታጠቢያ ቤት ወለል፣ ግድግዳ ላይ መያዣ፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ሊፍት። ገዢው እነዚህን ካልጠየቀ ሻጩ አይሠራም።

ዛሬ በኢትዮጵያ ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ከመቶ ወደ 5 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ጉዳዩን ለነገ እናቆየዋለን። አሁን የሚቆመው ሕንፃ ግን ከ40 ዓመት በኋላም እዚያው ነው፤ ያኔ ደረጃውን የምንወጣው እኛ ነን።

እናንተስ? ወላጆቻችሁ ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት? ፎቅ የተለዋወጣችሁ ወይም በብሎካችሁ ለአረጋውያን የተጀመረ ነገር ካለ በኮሜንት አካፍሉን።