የአያት እንዝርት

በጎጃም ደጋ፥ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ጥቂት ራቅ ባለ መንደር፥ አንዲት አያት በሞተች ጊዜ የመንደሩ ሰው ሁሉ ለለቅሶ ተሰበሰበ። ለቀስተኞቹም መልካም ሥራዋን ቈጠሩ። ረቡዕንና ዓርብን መጾሟን፥ ማልዳ ቤተ ክርስቲያን መሳሟን፥ እንግዳን ሳታበላና ሳታጠጣ አለማሳለፏን ተናገሩ። ስለ እንዝርቷ ግን አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም። እንዝርቱ በቤቱ ጥግ፥ በሙዳይ ውስጥ፥ ግማሽ ፈትል እንደ ያዘ ተቀምጦ ነበር።

እንደዚህች ያለች አያት በዚያ አገር በየመንደሩ ነበረች፤ የአንዲቱን ኑሮ መናገር የብዙዎቹን መናገር ነው። ለቀስተኞቹ የረሱትም ነገር ትንሽ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ጥጥ የቆላ ተክል ነው፤ ከዓባይ በረሃና ከሌላውም ቆላ ተጭኖ ወደ ደጋው ገበያ ይወጣል። አያቲቱ ጥጡን ገዝታ ታመጣለች። በድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት መዳመጫ እየዳመጠች ፍሬውን ታወጣለች፤ የተዳመጠውንም በደጋን ትነድፈዋለች፤ ጥጡም እንደ ደመና ይነፋል። የተነደፈውን በእጇ ጠቅልላ አመልማሎ ታደርገዋለች። እንዝርት የሚሾረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአመልማሎው ቀጭን ክር ይመዘዛል፥ ይከርራል፥ በእንዝርቱም ላይ ይጠቀለላል። ለድር የሚሆነው ክር ቀጭንና ጠንካራ፥ ለማግ የሚሆነው ግን ለስላሳ መሆን አለበት። ይህን ልዩነት ጣቷ ያውቀው ነበር፤ ዐይኗ ከደከመ በኋላም ጣቷ አልረሳውም። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል እስኪሞላ ድረስ አያቲቱ ብዙ ሌሊት በእሳት ዳር አመሸች። ጋቢውን ለብሶ የሚተኛ ልጅ ግን ይህን አያስብም፤ ይሞቀዋልና።

ፈትል ሲሰለቻት ስፌት ታነሣለች። ክረምት ሲወጣ ከልጅ ልጆቿ ጋራ ወደ መስክ ወርዳ ስንደዶና አክርማ ትለቅማለች፤ አለላውን ታቀልማለች፤ ሣሩን በውሃ አርሳ በወስፌ እየወጋች ሰፌድና መሶብ ትሰፋለች። አንድ ዙር ቢበላሽባት እስከዚያው ድረስ ትተረትረዋለች። የልጅ ልጇ አንድ ቀን «እምዬ፥ ይህን ማን ያየዋል?» ብትላት፥ «እኔ አይቼዋለሁ፤ አይበቃም?» አለቻት።

ሰዎች ጸሎቷን በአንድ ወገን፥ የእጅ ሥራዋን በሌላ ወገን አድርገው ለዩት። ይህ ስሕተት ነው። በሰንበት እንዝርቱ ያርፋል፤ በሌላው ቀን ግን ጸሎቱና ፈትሉ ተለያይተው አያውቁም ነበር። በብዙ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል፥ መልአኩ ገብርኤል ለእመቤታችን ለማርያም ብሥራት ሲነግራት፥ እርሷ ፈትል ስትፈትል ትታያለች። ብዙ ሰው ይህን ሥዕል ተሳልሞ ያልፋል። ማንበብ የማትችል አያት ግን እንዝርቱን አይታ ትቆማለች፤ ያን የእጅ ሥራ ታውቀዋለችና።

ወዳጅ ያበዛላትም ይኸው ሥራ ነው። ወፍጮ በሚፈጭበት ቤት ጨዋታ አይሰማም፤ እንዝርት ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ ጎረቤቶቿ ቡና ሲፈላ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። የተጣሉ ሴቶች ቢኖሩ ወዲያው ሽማግሌ አትልክም፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለፈትል ትጠራቸዋለች። እጅ ሥራ ሲይዝ ቁጣ ይበርዳል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ።

ፈትሉ ሲሞላ ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ተቀምጦ፥ ቀኑን ሁሉ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ይውላል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ሸማኔው የሠራውን ጋቢ ለብሶ ሸማኔውን ይንቅ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ ዳሩ ግን «ጠይብ»፥ «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ከሰው አፍ ፈጥኖ አልጠፋም። አያቲቱ ሸማኔው ፈትል ሊቀበል ሲመጣ ከደጃፍ አታቆመውም፤ አስገብታ በገዛ መሶቧ ታበላው ነበር። ጎረቤቶቿ አጕረመረሙ። አንዲቱም «እመት፥ ከእርሱ ጋራ በአንድ መሶብ ይበላሉ?» አለቻት። እርሷም «ድሩና ማጉ የኔ ነው፤ ልብስ ያደረገው ግን እርሱ ነው። ያለ እርሱ እኔም አንቺም ራቁታችንን ነን» ብላ መለሰች።

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ የሆኑት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ከተማይቱ በዚያ ስም ተጠራች። ይህ በታሪክ ተጽፏል፤ መጻፉም ደግ ነው። ንጉሡና መኳንንቱ የለበሱትን ሸማ የፈተሉት ሴቶች ግን የታሪክ ጸሓፊ አላገኙም። ጸሓፊ የሌለው ሰው የሚታወሰው በአፍ ነው፤ አፍ ዝም ካለ ደግሞ ምንም አይቀርም።

በሐዋርያት ሥራ በ9ኛው ምዕራፍ ጣቢታ የምትባል፥ ዶርቃም የተባለች፥ አንዲት ሴት አለች። በኢዮጴ በሞተች ጊዜ ባልቴቶቹ እያለቀሱ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ አሳዩት። እነዚያ ባልቴቶች ከጎጃሞቹ ለቀስተኞች ይልቅ ለቅሶ ያውቁ ነበር።

ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድር የፋብሪካ ክር ይገዛል፤ በእጅ የሚፈተለው ይልቁንም ማጉ ነው። ይህ አያስነቅፍም፤ የደከመች አያት ከድካሟ ብታርፍ መልካም ነው። የሚያሳዝነው፥ አያቱ በሕይወት ሳለች አጠገቧ የሚውል ልጅ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ሳይጠይቃት መቅረቱ ነው።

በአርባኛው ቀን ተዝካሯ ሲወጣ እንግዶቹ በመሶቧ ዙሪያ ተቀመጡ። ከመካከላቸው እርሷ የፈተለችውን ነጠላ የለበሱ ነበሩ። አንዲት ትንሽ ልጅ፥ የልጇ ልጅ፥ ሙዳዩን ከጥግ አንሥታ አመጣችና «ይህ ለምን ሳያልቅ ቀረ?» ብላ ጠየቀች። በሸማኔው ምክንያት አጕረምርማ የነበረችው ጎረቤት እንዝርቱን ተቀብላ ክሩን በጣቷ ዳሰሰች። ለድር የተፈተለ ነበር። ከዚያም ስለ ሟቿ መናገር ጀመረች፤ እስኪመሽም ድረስ አላቆመችም።