ባትሪው ሲገባ እልልታ፣ ሲያረጅ ዝምታ

መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ለኤሌክትሪክ መኪናዎች ቀረጥ አቀለለ፤ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመውም ቀረጡን ጨርሶ አነሣለት። በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን ባትሪውን ለሚያስገባው ይህ ሁሉ ሲደረግለት፣ ያረጀውን በጥንቃቄ ፈትቶ መልሶ ጥቅም ላይ ለሚያውለው ምን ያህል ታሰበለት?

«ሕግ አለ» ይሉናል። አዎን፣ አለ። የአደገኛ ቆሻሻ ዐዋጅ ቍጥር 1090/2010 ቅጣት ይዟል። ቅጣት የሚያገኘው ግን አድራሻ ያለውን ነው። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ የባጃጅ ባትሪ ሲሞት ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የከሰል እሳት ይበቃዋል። አሲዱን ሜዳ ላይ ደፍቶ፣ ጭሱን ለሠፈሩ ሕፃናት ትቶ የሚያቀልጥ ሰው ወጪ ስለሌለበት ለአሮጌው ባትሪ የተሻለ ዋጋ ይከፍላል። የጭስ ማጣሪያ የተከለው፣ ፈቃድ ያወጣው በዋጋ ይሸነፋል፤ ተቈጣጣሪው ፋይሉን ይዞ የሚመጣውም ወደዚሁ ሰው ነው! እንግዲህ አዲስ ዘዴ ለመፍጠር የሚደክም ሞኝ ማን ነው?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር በምትባል ሠፈር፣ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ፣ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ይለቀምበት በነበረው አፈር ጠንቅ 18 ሕፃናት ሞተዋል። የእኛ ሸለቆ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ የመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ፣ ዝዋይ በቡልቡላ በኩል ወደ አቢያታ ይፈስሳል፤ ከአቢያታ ወዲያ መውጫ የለም።

ወደ አገር የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በሞጆ ደረቅ ወደብ ያልፋል። እዚያው በያንዳንዱ ባትሪ ላይ መያዣ ገንዘብ ይቈረጥ። አሮጌውን ፈቃድ ላለው ማቅለጫ ያስረከበ ሁሉ፣ ቆራሌውም ቢሆን፣ ገንዘቡን ይውሰድ። (የለስላሳ ጠርሙስ አስይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ዶክትሬት አያሻውም።) ቆራሌው ጠላታችን አይደለም፤ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰብሳቢያችን ነው። ቅጣቱ ይውደቅ ከተባለ፣ ያስገባውን ያህል መልሶ ባላሰበሰበው አስመጪ ላይ ይውደቅ።

የሊትየሙ ነገር ይብሳል። እርሳስ ቢያንስ ገዥ አለው፤ የመኪናውን ትልቅ ባትሪ ግን ፈትቶ የሚለይ፣ ወይም ለፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ የሚያውል ባለሙያ ገና መፍጠር አለብን። ስለዚህ ቀረጥ የተነሣለት ገጣጣሚ ያረጀውን ባትሪ መልሶ የመረከብ ግዴታ ይግባ፤ አልረከብም ካለ ቀረጡን ይክፈል፤ የተከፈለውም ገንዘብ ይህን ሥራ ለሚሞክሩ ወርክሾፖች ይሰጥ።