የዓሣ ማቆያ መስታወት መብራት፦ ክዳኑን ሳይጥሉ ማሻሻል ይቻላል

ዓሣን በመስታወት ሣጥን ማቆየት የሀብታም ቤት ጌጥ ብቻ ተደርጎ መታየቱን አንቀበልም። እንስት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስትጠብቅ በዓይኑ ያየ ተማሪ፣ ስለ ዓሣ እርባታ የሚሰጠው ትምህርት ቶሎ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሣጥኑ ደኅና ሆኖ ሳለ የክዳኑ መብራት በመድከሙ ብቻ ዓሣው በጨለማ የሚቀርበት፣ ወይም አዲስ ክዳን ለመግዛት ገንዘብ እስኪገኝ ተብሎ ሣጥኑ ባዶውን የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አስፈላጊ አይደሉም። መለወጥ የሚገባው ክዳኑ ሳይሆን በውስጡ ያለው መብራት ነው።

ብርሃኑ ለማን ነው?

ዓሣው ራሱ ብዙ ብርሃን አይፈልግም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ቀንና ሌሊቱ እንዲለይለት ነው። አምባዛማ በሌሊት የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ደማቅ ብርሃን ሲበዛበት መደበቂያ ይፈልጋል። ብርሃን በይበልጥ የሚያስፈልገው ለውኃ ውስጥ ዕፅዋትና ለተመልካቹ ነው። ስለዚህ «በደመቀ ቁጥር ይሻላል» የሚለውን አስተሳሰብ አንደግፍም። ትርፍ ብርሃን ከተረፈ መኖና ከዓሣው ኩስ ጋር ሲገናኝ አልጌን ያራባል፤ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፤ መስታወቱም ይሸፈናል። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብርሃን ይበቃል። ከጠዋቱ በ2 ሰዓት የበራ መብራት ከምሽቱ በ12 ሰዓት ቢጠፋ መልካም ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

በመብራቱና በውኃው መካከል ያለው መስታወት በውኃ ጠብታ፣ በኖራማ ዝቃጭና በአቧራ ሲሸፈን ብርሃንን ያስቀራል። በየሳምንቱ መወልወል አለበት። የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ጥቁር ወይም የዛገ ከሆነ ተጠርጎ ነጭ ቀለም ይቀባ፤ ቀለሙም ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ከሣጥኑ ርቆ ይድረቅ። እነዚህ ሥራዎች ተሠርተው ብርሃኑ ከበቃ ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

ምን ይገዛ?

በክዳኑ ውስጥ ያለው 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 18 ዋት ኃይል ያለው ፍሎረሰንት ከሆነ፣ በዚያው ርዝመት ከ8 እስከ 10 ዋት በሚሆን የኤል.ኢ.ዲ. ዘንግ ሊተካ ይችላል። ሲገዛ ለነባሩ ባላስት የሚስማማ መሆኑ ይጠየቅ። ብዙዎቹ ከራሳቸው ልዩ ስታርተር ጋር ስለሚሸጡ አሮጌው ስታርተር ወጥቶ ያኛው መግባት አለበት። የብርሃኑ ቀለም በካርቶኑ ላይ 6,500 ኬልቪን ወይም «ዴይላይት» ተብሎ የተጻፈበት ቢሆን ለዕፅዋቱም ለዓይንም ይስማማል። ለዓሣ ተብሎ በውድ የሚሸጥ ባለ ቀለም መብራት ለዚህ ዓይነቱ ሣጥን የግድ አይደለም። አሮጌው ፍሎረሰንት ሜርኩሪ ስላለበት ሲወጣ በሣጥኑ ላይ እንዳይሰበር ይጠንቀቁ።

ጥቅሙን በቁጥር እንመልከት። 18 ዋት ፍሎረሰንት ባላስቱ ከሚወስደው ጋር 25 ዋት ያህል ይፈጃል። በቀን 10 ሰዓት ቢበራ በዓመት 91 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ባላስት የማያስፈልገው 9 ዋት የኤል.ኢ.ዲ. ዘንግ ግን 33 ያህል ብቻ ይፈጃል። ልዩነቱ ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል።

አሮጌው መብራት ባለ ክር አምፖል ከነበረ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ይህ ዓይነቱ አምፖል የሚወስደውን ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ውኃውንም ጥቂት ያሞቅ ነበር። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አገር፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት፣ መብራቱ በተለወጠ ሰሞን የውኃውን ሙቀት ጠዋትና ማታ በቴርሞሜትር መለካት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከቀነሰ መፍትሔው ማሞቂያ ነው እንጂ ወደ አሮጌው አምፖል መመለስ አይደለም።

በደኅንነት ላይ ቁጠባ የለም

በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ከውኃ ጋር ከተገናኘ ሰውን ይገድላል። ስለዚህ የሚከተሉትን አጥብቀን እናሳስባለን።

1. እጅ ወደ ውኃው ከመግባቱ ወይም ክዳኑ ከመነሣቱ በፊት ስፒናው ከሶኬት ይነቀል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

2. ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ እንዲመለስ ይደረግ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውኃ በዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

3. የተላጠ ሽቦና የዛገ የአምፖል መያዣ በፕላስተር አይጠገን፤ ይለወጥ።

4. ሽቦ መቁረጥና መቀጠል የሚያስፈልግ ከሆነ ሥራው ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሰጥ። ባለሙያው በዚያው አጋጣሚ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ የሚያቋርጥ ብሬከር እንዲያስገባ ይጠየቅ።

ልጆች በሚነካኩት ሣጥን ላይ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ውኃ እንዳያስገባ የተሸፈነ የኤል.ኢ.ዲ. ጥቅል ይመረጣል። ኃይሉን የሚቀንሰው አዳፕተር ግን ከክዳኑ ውጭ፣ ውኃ ከማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ማጠቃለያ

ያለችው ገንዘብ ትንሽ ከሆነች ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ገመዱና ብሬከሩ፣ ቀጥሎ ጽዳቱና ነጭ ቀለሙ፣ ከዚያ መብራቱ፣ ከተረፈም በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር። ታይመሩ በተለይ ለትምህርት ቤት ይጠቅማል፤ ቅዳሜና እሑድ መብራቱን የሚያጠፋ ሰው የለምና። ብዙዎች ከመብራቱ ይጀምራሉ፤ ደማቅ ነገር ቶሎ ዓይን ይስባል። እኛ ግን ከደማቅ ሣጥን ይልቅ የማያሰጋ ሣጥን ይበልጣል እንላለን። አሮጌ ክዳን በጥቂት ብርና በግማሽ ቀን ሥራ ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል።