የስቅለት ጥብጣብ

በስቅለት ዕለት በአዳማ (ናዝሬት)፥ በሞጆና በባቱ (ዝዋይ) አብያተ ክርስቲያናት፥ ሙቀቱ ሳያግደው ሲሰግድ የዋለው ሕዝብ ወደ ማታ ከካህን ፊት ይሰለፋል። ካህኑም ጀርባውን በወይራ ቅጠል ጠብጥቦ፥ እንደ ኑዛዜው መጠን ስግደት ያዝዘዋል። ይህም የጌታችንን ግርፋት ያሳስበናል፤ ወንጌል ቍጥሩን ባይነግረንም አባቶች 6666 ይሉታል። «ጠንከር አድርገው ይምቱኝ» የሚሉ እናቶችን ሰምተናል፤ ነገር ግን ጥብጣቡ የኑዛዜው ማኅተም ነው እንጂ ምትኩ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ከንስሐ አባት ሸሽቶ በዚያች ማታ ብቻ ጀርባን መስጠት ያሳዝነናል።

በኢጣልያ በፔሩጃ ከተማ በፈረንጆች 1260 የተነሡት ሰዎች ግን ደማቸው እስኪፈስ ራሳቸውን ይገርፉ ነበር፤ በ1349 የሮማው ፓፓ ቀሌምንጦስ 6ኛ እንዲህ ራሳቸውን የሚገርፉትን አወገዘ። በጥብጣብ ማንም ራሱን አይመታም፤ ቅጠሉ በካህኑ እጅ ነው።

ሕፃናት ወይራውን ቅጣት መስሏቸው ከእናታቸው ነጠላ ሥር ይሸሸጋሉና፥ ከቤት ሳይወጡ ነገሩን ብናስረዳቸው መልካም ነው።