የባልቲክ ባሕር ነፋስና ያልተረጋገጠው ገበያ

ዴንማርክ በዓለም የመጀመሪያውን የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ጣቢያ እ.ኤ.አ በ1991 ቪንደቢ በተባለ ስፍራ ስታቆም፣ የ11ዱ ተርባይኖች አቅም ተደምሮ 5 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ዛሬ በፖላንድ የባሕር ክልል ለ"ባልቲክ ፓወር" ጣቢያ የተመረጠው አንድ ተርባይን ብቻውን እስከ 15 ሜጋ ዋት ያመነጫል።

ጉዳዩን ያፋጠነው ጦርነት ነው። ሩሲያ ወደ ዩክሬን ከዘመተች ከስድስት ወራት በኋላ፣ የባልቲክ ተጎራባች የሆኑ ስምንት አገራት 2.8 ጊጋ ዋት የነበረውን አቅም እ.ኤ.አ እስከ 2030 ወደ 19.6 ጊጋ ዋት ለማሳደግ ተስማሙ።

የዚህ ዕቅድ ገበያ የተርባይን አምራቾች ብቻ አይደለም። በቦርንሆልም ደሴት የሚገኘው የሮነ ወደብ የግዙፍ አካላት ማከማቻና መገጣጠሚያ ሆኗል። የዓሣ አጥማጆችና የበጋ ጎብኚዎች ከተማ የሆነችው ዌባ ደግሞ የ"ባልቲክ ፓወር" የጥገና ማዕከል እንድትሆን ተመርጣለች። ተከላው በጥቂት ዓመታት ይጠናቀቃል፤ ጥገናው ግን ጣቢያው አገልግሎት እስከሚሰጥበት ጊዜ ድረስ ይዘልቃል። ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚበጀውም በአመዛኙ ይኸው ነው፤ ጀልባ፣ ብየዳ፣ ማረፊያና ምግብ።

ሆኖም ስዊድን እ.ኤ.አ በኅዳር 2024 በባልቲክ የታቀዱ 13 ፕሮጀክቶችን በአንድ ጊዜ ውድቅ አድርጋለች። ምክንያቷም ተርባይኖቹ ራዳርን ስለሚያውኩ፣ የሚሳኤል ጥቃትን ቀድሞ የመለየት ዕድልን ያጠባሉ የሚል ነበር። ለባሕር ወለልና ለአካባቢ ጥናት ዓመታትን ያፈሰሱ ባለሀብቶች በአንድ ቀን ውሳኔ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በዚያው ባሕር ማዶ ፖላንድ በበኩሏ፣ ተመሳሳይ ሥጋት ቢኖርባትም፣ ግንባታዋን ቀጥላለች። ስለዚህ በባልቲክ ገንዘቡን የሚያወጣ ሁሉ ከነፋሱ ፍጥነት አስቀድሞ የየአገሩን መከላከያ ሚኒስቴር አቋም መጠየቅ ግድ ሆኖበታል።